ብርድ ለኋላ ወንበር

«የመኪናዋ ባለቤት ማን ነው?» ብሎ መካኒኩ በርናባስ ሲጠይቅ ዓይኑ በብርቅዬ ሻሽ ላይ ተንሸራቶ ልጇ ክብሩ ላይ አረፈ። ፊት ለፊቱ የቆመችው ግን እሷ ነበረች። ቁልፉም የተንጠለጠለው በእሷ ጣት ላይ ነበር። ሸራውን ገፍፋ፣ ጫጩቶቹን ከኋላ ወንበር አባርራ፣ ጎማ አስነፍታ፣ መኪናዋን ከግቢዋ ጥግ እስከዚህ የመናኸሪያ ጋራዥ ያስጎተተችው እሷ ነች። ክብሩ ከቢሮው ፈቃድ ጠይቆ የመጣው መሪ እንዲይዝላት ብቻ ነው፤ አሁንም ስልኩን ያያል።

«ባለቤቱ ቤት ተኝቷል። እሱ እስኪነሳ እኔ ነኝ» አለች ብርቅዬ። «ልጁን ተወውና ከእኔ ጋር ተነጋገር።»

በርናባስ በትሕትና «እሺ እማማ» አለ። ከዚያ መኪናዋ መቼ እንደቆመች ክብሩን ጠየቀው።

ብርቅዬ እንዲህ ያለውን መታለፍ የለመደች ሴት ናት። መልመድ ግን መውደድ አይደለም። ፊደል አልቆጠረችም፤ ባንክ ቤት አውራ ጣቷን ቀለም ስታስነካ ጸሐፊዋ ጣቷን እንጂ ፊቷን አታይም። ሐኪም ቤት «አስታማሚ?» ተብሎ ሲጣራ ብድግ ስትል «ሌላ ሰው የለም?» ይሏታል። ሐይቁ ዳር ቆማ አሳ በምትሸጥበት ዘመን ግን ማንም አልፏት አያውቅም ነበር። ሊያታልላት የሞከረ ሰው ስሙን እዚያው ጥሎ ይሄድ ነበር፤ እሷ ባወጣችላቸው ቅጽል እስከ ዛሬ የሚጠሩ ትልልቅ ሰዎች በከተማው አሉ።

መኪናዋ ፔጆ 504 ናት። ድሮ ነጭ ነበረች፤ አሁን ወደ ቅቤ ቀለም ሄዳለች። ባሏ ሽበሺ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ በስተመጨረሻ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ሐኪም ላይ ገዛት። ስትመጣ የራሷ ብርድ፣ ማቀዝቀዣ፣ ነበራት። ሽበሺ እንግዳ ሲያሳፍር ከሁሉ በፊት ብርዱን ነበር የሚያስጎበኘው፤ የሰውየውን እጅ ይዞ ወደ ቀዳዳው ያስጠጋና ፊቱን ያያል። ያ ብርድ ብዙም ሳይቆይ መድከም ጀመረ። ሽበሺ ጋዝ እያስሞላ ትንሽ አቆየው፤ በመጨረሻ ሰለቸውና ተወው። መስኮት ተከፈተ፣ የሐይቁ ንፋስ ገባ፣ ነገሩ ተረሳ።

አሁን ግን የሚረሳ ነገር አልሆነም። ባለፈው ክረምት ሽበሺን ስትሮክ ጣለው። ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ ምላሱም ተሳሰረ። ሐኪሞቹ ልቡ ደክሟል፣ ሙቀት አይስማማውም፣ አቧራም ለደረቱ ጠላት ነው አሉ። በዚህ መሃል አርባ ምንጭ በነርስነት የምትሠራው የመጨረሻ ልጃቸው ሐዳሳ እዚያው ልታገባ ቀን ተቆረጠ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥርም ሙቀቱ ይብሳል። መስኮት ቢዘጋ ሰውዬው ይታፈናል። ቢከፈት አቧራው አለ፤ ሽበሺ ራሱም በጤናው ዘመን እንኳ የመስኮት ንፋስ ሰው ይገድላል ከሚሉት ወገን ነው። ሐዳሳ ትንሽ ልጅ ሳለች ደግሞ «በዚህች መኪና ነው ቤተ ክርስቲያን የማደርስሽ» ብሏታል። ልጅ እንዲህ ያለውን አትረሳም። አባትም አይረሳም፤ መናገር ቢያቅተውም።

ክብሩ አዲስ መኪና ከእነ ብርዱ ተከራይቶ አምጥቶ ነበር። ሽበሺ በደህናው እጁ የበሩን ጠርዝ ጨምድዶ ይዞ አልገባም አለ። ሁለተኛ ቢሞክሩት እንባው መጣ። ያኔ ክብሩ፣ አባቱ በስልክ ቢያየው እንደሚሻል፣ በቪዲዮ ሥነ ሥርዓቱን በሙሉ እንደሚያሳዩት ተናገረ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ደክሞት ነው። ብርቅዬ ግን «አባት ልጁን በስልክ ነው እንዴ የሚድረው?» አለችና ሄዳ የፔጆዋን ሸራ ገፈፈች።

በርናባስ ኮፈኖውን ከፍቶ አንገቱን አስገባ፤ አንዱን ቧንቧ ነካ፣ ሌላውን አሸተተ፤ ቀና ብሎ «ጋዝ የለውም» አለው ለክብሩ። ሌላም ብዙ ነገር ተባባሉ። ክብሩ ራሱን እየነቀነቀ ሰማና ሰዓቱን አይቶ ወደ ቢሮው ሄደ። ብርቅዬ ከሁሉም የያዘችው አንዷን ቃል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ባጃጅ ተኮናትራ ጋራዡ በር ላይ ወረደች። በእጇ ቢጫ ጀሪካን ይዛለች። መጥታ በርናባስ እግር ስር አስቀመጠችውና «ያውልህ። ሙላው» አለችው።

በርናባስ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። ነጭ ጋዝ ነው፤ የምድጃው፣ የፋኖሱ። ከዚያ ከጎን ካለው መኪና ሥር የተኛው ሰው ነው መጀመሪያ የሳቀው፤ መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ሳቁ ወደ ቀለም ቀቢው፣ ከቀለም ቀቢው ወደ ጎማ ሠሪው ተዛመተ። አንዱማ እማማ ብርዱን በክብሪት ሊለኩሱት ነው ብሎ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ።

ብርቅዬ ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች።

«ጋዝ ያልከው አንተ ነህ» አለችው በርናባስን። «እኛ ጋዝ የምንለው ይህንን ነው። እናንተ ስሙን ሰርቃችሁ ለሌላ ነገር ሰጥታችሁ፣ ተመልሳችሁ በእኔ ትስቃላችሁ። ትናንት ለእኔ ነግረኸኝ ቢሆን ምን ዓይነት ጋዝ ብዬ እጠይቅህ ነበር። አንተ ግን የነገርከው ለልጄ ነው። እኔ ከጀርባህ ሰማሁ፤ ከጀርባ የሰማሁትን ይዤ መጣሁ።»

በርናባስ መሳቁን ተወ። ጉልምስና የጀመረው፣ እጁ ሁልጊዜ ዘይት የነካው፣ በእሑድ መዘምራን መሃል ቆሞ የሚዘምር ሰው ነው፤ ማፈር ያውቃል። የተጋደመ ጎማ ጎትቶ በጨርቅ ጠረገና ተቀመጪ አላላትም፤ «ይቀመጡ እማማ፣ ላሳይዎት» አላት። ከዚያ ሳሙና በውሃ አረፋ አድርጎ በቧንቧዎቹ መጋጠሚያ ላይ በብሩሽ ቀባ። በአየር ሲነፋቸው በአንዱ መጋጠሚያ ላይ አረፋው ዓይን እያወጣ መፈንዳት ጀመረ። በሌላውም። በሦስተኛውም።

የብርዱ ጋዝ አይነድም አላት፤ አያልቅምም። ደም በሉት፤ እየዞረ የውስጡን ሙቀት ተሸክሞ ውጭ ይጥላል። ከጎደለ ፈሶ ነው እንጂ ተበልቶ አይደለም።

«እንግዲያው ያኔ ሽበሺ ሲያስሞላ የኖረው በቀዳዳ እንስራ ነበር በለኛ።»

«እንደዚያው ነው እማማ።»

«አንድ ሰው አልነገረውም?»

«የሚሞላ ሰው ቀዳዳውን አይናገርም» አለ በርናባስ፤ ይህችን መልስ ብርቅዬ ወደደችለት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያወራው ለእሷ ሆነ። እሷም በየጠዋቱ የሽበሺን ገንፎ አጉርሳ፣ ጎረቤቷ ሙሉዬ እንድታየው አደራ ብላ መጥታ ጎማዋ ላይ ትቀመጣለች። ጀሪካኑን አልመለሰችም፤ እጃቸውን ይታጠቡበት ብላ ለሠራተኞቹ ሰጠች፤ እነሱም ያን የግራሶ እጃቸውን በእሱ ሲፈትጉ ሳቃቸውን ዋጡ።

በርናባስ እየሠራ ይነግራት ነበር። የድሮው ጋዝ አሁን ገበያ ላይ የለም፤ አዲሱ ከድሮው ዘይት ጋር አይስማማም። ስለዚህ ቧንቧዎቹ ታጥበው ደረቁ፣ የመጋጠሚያ ጎማዎቹ ሁሉ ተቀየሩ። ጋዙን የሚያዞረው የድሮው ኮምፕሬሰር እንደ እህል ወፍጮ ይጮህ ነበር፤ ከተገለበጠች አንዲት አነስተኛ መኪና ላይ ቀለል ያለ አመጣና መቀመጫ በብየዳ ሠራለት። ከራዲያተሩ ፊት ተጨማሪ ማራገቢያ ገባ። ማራገቢያው መብራት ስለሚበላ ዲናሞው በሚበልጠው ተቀየረ። አንዱ ሲነካ ሌላው ይነካል፤ አሮጌ ቤት ግድግዳ እንደማደስ ነው።

«ልቧን ለወጥክላት በለኛ» አለችው ብርቅዬ።

«ልቧ ደህና ነው እማማ። የለወጥኩት ሳንባዋን ነው።»

ብርቅዬ አላለችም እንጂ፣ የሽበሺንም ሳንባ እንዲህ ፈትቶ የሚያጥብ ሰው ቢገኝ ብላ ሐሳቧ ሄዶ ነበር።

ዳሽቦርዱን ከመግጠሙ በፊት በርናባስ አንድ ነገር ጠየቃት። ብርዱ የሚወጣው ከፊት ብቻ ነው፤ በመሃል በወለሉ በኩል ቱቦ ቢያወጣ ለኋላ ወንበርም ይደርሳል፤ ሥራው ግን ይጨምራል።

«ከኋላ ማን አለ?» አለች ብርቅዬ።

«እንጃ፤ ከኋላ የሚቀመጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ታዲያ ላውጣ?»

«እኔ ብርድ ጠየቅሁህ? ሽበሺ ጋቢና ነው የሚቀመጠው። ለጋቢናው በደንብ ይንፋለት፤ የኋላውን ተወው።»

ጋቢና ማለት በእነሱ ቤት የክብር ቦታ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሲሳፈር ጋቢና ነው። ከገጠር የመጣ አጎት ጋቢና ነው። ክብሩ ጢም ማብቀል ሲጀምር እሱም ወደ ጋቢና አለፈ። ብርቅዬ በዚያች መኪና ውስጥ ያላት ቦታ ከሹፌሩ ጀርባ ነበር፤ የአሳ ቅርጫቷን በጉልበቷ ይዛ የሽበሺን ማጅራት እያየች ነው ዕድሜዋ የሄደው። የዚያ ማጅራት ፀጉር መሸበት ሲጀምር ከባለቤቱ በፊት ያየችው እሷ ነች። እንግዲህ ሰው አለፈኝ ብላ ጋራዥ ሙሉ ወንድ የገሠጸችው ሴት፣ ለኋላ ወንበር ተራው ሲደርስ እሷም አለፈችው።

ብርዱ የተሠራ ቀን በርናባስ ራሱ መኪናዋን ይዞላት ግቢዋ ድረስ መጣ። ክብሩም ከቢሮ ደርሶ ነበር። ሽበሺን አቅፈው ጋቢና አስቀመጡት፤ የጀርባ ትራስ፣ የግራ ጎኑን የሚደግፍ ሌላ ትራስ አደረጉለት። ፔጆዋን ሲያያት ፊቱ በራ፤ የበሩን ጠርዝም አልጨመደደም። ክብሩ መሪ ያዘ። ብርቅዬና በርናባስ ከኋላ ገቡ። መስኮቶቹ ተዘጉ፣ ብርዱ ተከፈተ።

በረደ። እውነተኛ ብርድ፣ የበረዶ ሣጥን ክዳን ሲከፈት ፊት ላይ የሚመጣው ዓይነት። ክብሩ እንኳ «አቤት!» አለ። ወደ ጉዱማሌ፣ ወደ ሐይቁ ዳር መናፈሻ፣ በሚወስደው መንገድ ወጡ።

ገና ዋናው መንገድ ሳይደርሱ ሽበሺ መቁነጥነጥ ጀመረ። ጉሮሮው ውስጥ ድምፅ ያሰማል። ደህናው እጁ ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይዘረጋል። ግንባሩ በዚያ ብርድ መሃል ላብ አወጣ። ክብሩ በርዶት ነው ብሎ አጠፋው፤ አልተሻለውም። መልሶ ቢከፍተው ጭራሽ ባሰበት። አንዲት ባጃጅ ፊታቸው ስትታጠፍ ሽበሺ እንደተወጋ ሰው ጮኸ። ክብሩ ደንግጦ ከጉዱማሌ አጠገብ ካለ ዛፍ ሥር አቆመ።

«እማዬ፣ በቃ» አለ፤ መሪውን እንደያዘ። «አየሽው አይደል? አባዬ ብርድ አይችልም። ይሄን ሁሉ ለፍተሽ… በቃ፣ በስልክ ይየው።»

በርናባስ ሥራው ደህና እንደሆነ ያውቃል፤ ደህና ሥራ ግን የሚያለቅስ ሽማግሌ ፊት ምን ይናገራል? ብርዱን ከዚህ የለሰለሰ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ለራሱ እያጉተመተመ ነበር።

ብርቅዬ ወረደች። ዞራ የጋቢናውን በር ከፈተች። የባሏን ፊት አላየችም፤ ቁልቁል እግሩን ነበር ያየችው። ቀኝ እግሩ፣ ደህናው፣ ወለሉን ተጭኖ ተጭኖ ጫማው ታጥፏል። መኪናው ቆሟል፤ እግሩ ግን ገና እየተጫነ ነው።

«ክብሩ» አለች፤ «እስቲ ትንሽ ንዳ። በዝግታ። እኔ በሩን ይዤ ጎን ለጎን እሄዳለሁ።»

«እማዬ እብድ ነሽ?»

«ንዳ አልኩህ።»

ነዳ። መኪናው እንደተንቀሳቀሰ የሽበሺ እግር ወለሉን ረገጠ፤ እጁም ተዘረጋ። ወደ ብርዱ ቀዳዳ አልነበረም የሚዘረጋው። ወደ ማርሹ ነበር።

«አቁም!» አለች ብርቅዬ። ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ሆኖ አፏ ይስቃል። «ብርዱ አይደለም። ይሄ ሰውዬ እኮ እየነዳ ነው። መሪ የለው፣ ፍሬን የለው፣ እየነዳ ነው። በዚህ በር ገብቶ ያውቃል? በዕድሜው አንድ ቀን በዚህች መኪና ጋቢና ተቀምጦ ያውቃል? ያከበርነው መስሎን መንገዱን ከነባጃጁ ፊቱ ዘርግተን እጁን አሰርነው።»

ሽበሺ የተሳሰረ ምላሱን አንቀሳቅሶ አንድ ነገር አለ። ቃል አልሆነም። ግን ራሱን ነቀነቀ፤ ደጋግሞ ነቀነቀ፤ የተዘረጋችው እጁም ጭኑ ላይ ወደቀች።

ተረዳድተው አወጡትና ከክብሩ ጀርባ፣ በብርቅዬ ቦታ አስቀመጡት። ፊቱ የልጁ ማጅራት ብቻ ነበር፤ መንገድ አይታይም። ክብሩ ሲነዳ እግሩ አልተንቀሳቀሰም። ራሱን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ትንፋሹ ረጋ። ቤት ሊደርሱ ሲሉ ግን ፊቱ ቀላ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ከፊት የሚነፋው ብርድ የወንበሮቹን ጀርባ አልፎ አልመጣም። ጋቢናው ባዶውን ይበርዳል፤ ኋላው እንደ ምድጃ ነው። ብርቅዬ በነጠላዋ ጫፍ እያራገበችለት በርናባስን አየችው።

«ያኔ ጠይቄዎት ነበር እማማ» አለ በርናባስ፤ ቀስ ብሎ።

«ጠይቀኸኛል። መልሴ የደደብ መልስ ነበር። አሁን ሌላ መልስ አለኝ፤ አውጣለት።»

«ሰርጉ ደርሷል እኮ።»

«ታዲያ ለምን እዚህ ተቀምጠህ ታወራለህ?»

በርናባስ መኪናዋን ይዞ ተመለሰ። ቱቦውን በመሃል በወለሉ በኩል ከሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል አሳለፈና በምንጣፍ ሸፈነው። ለጫፉ የሚሆን አፍ አጥቶ ሲጨነቅ፣ ያ በክብሪት የቀለደባት ሠራተኛ ራሱ ከመናኸሪያው ጀርባ ከወደቀ አሮጌ አውቶቡስ ጣሪያ ሁለት ክብ አፎች ነቅሎ አመጣ፤ ድሮ ከተሳፋሪ ራስ በላይ የነበሩት፣ በጣት የሚዞሩት። አጥቦ ሲሰጣት እማማ ለይቅርታ ነው አላት። እሷም ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ክብሪት ነው አለችው፤ ጋራዡ በዚያው አጸደቀው።

የመሄጃቸው ጠዋት ሙሉዬ ልትሸኛቸው ወጥታ ነበር። መኪናዋን ዞራ አይታ «ጋቢና ሰው አለ?» አለች፤ የታክሲ ተሳፋሪ እንደሚለው። ጋቢናው ላይ የነበረው በፕላስቲክ የተሸፈነ የሽበሺ ሙሉ ልብስና ባርኔጣው ብቻ ነው። ብርቅዬ ጋቢና እንግዳ እንጂ ባለቤት እንደማይቀመጥበት ነገረቻት። ሙሉዬ አልገባትም፤ ግን ሳቀች፣ ጌታ ይምራችሁ ብላ መረቀቻቸው።

ወጡ። የሻሸመኔን መንገድ ከመያዛቸው በፊት አንዲት ባጃጅ ከቅያስ ዘልላ ፊታቸው ገባች። ክብሩ ፍሬን ያዘ። ብርቅዬ ያየችው ባጃጇን አልነበረም፤ ቁልቁል ወደ ባሏ እግር ነው። የሽበሺ እግር ባለበት ነበር፤ ጫማው እንኳ አልታጠፈም። ዓይኖቹ የልጁን ማጅራት ያያሉ። ክብሩም ከጆሮው በታች መሸበት መጀመሩን ብርቅዬ ያኔ አየች፤ ሽበሺም ያየው መሰላት፤ ደህናው እጁ ተነስታ የልጁን ትከሻ አንዴ መታ አደረገች። ክብሩ በመስታወት አያቸውና ማርሽ ለወጠ።

ብርዱ በመሃል ከሁለቱ ክብ አፎች ይወጣል። የሽበሺ ፊት አልቀላም፤ ደረቱ በእርጋታ ይተነፍሳል። ብርቅዬ በዚህች መኪና ውስጥ ተቀምጣ በማታውቅበት በቀኙ በኩል ተቀምጣለች፤ እንግዳ ቦታ ነው፣ መስኮቱም ሌላ አገር ያሳያል። ትንሽ ቆይታ እጇን ዘርግታ ብርዱን ብትፈልገው አጣችው። ዞር ስትል ሽበሺ በደህናው እጁ የራሱን የብርድ አፍ ብቻ ሳይሆን የእሷንም ወደ ራሱ አዙሮታል፤ ያ ድሮ ለእንግዳ ብርዱን ሲያስጎበኝ የነበረው ፈገግታ በግማሽ ፊቱ ላይ አለ።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፤ «ቦታዬን ለቅቄልሃለሁ። ብርዱን ግን አልለቅም። ያንን አፍ ወደዚህ አዙረው።»